ሙዙ እስኪይዝ

እትዬ ወሬውን የሰማችው ጆሮዋን ጥላ አይደለም። እሷ በምትተኛበት ክፍልና በባልና ሚስቱ መታጠቢያ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ከአንድ ጡብ አይበልጥም። ግንበኛው ሲሚንቶ ቆጥቦ ይሁን ጊዜ አይታወቅም፤ ብቻ ወንድሟ ጠዋት ጠዋት ስንት ጊዜ እንደተጉመጠመጠ ሳትፈልግ ትቆጥራለች። የጥርስ ሐኪም ስለሆነ ብዙ ነው የሚጉመጠመጠው። የዛሬውንም ነገር የተናገረው ቡርሹ አፉ ውስጥ እያለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአረፋ መካከል ሲነገር ክፋት አይመስልም፤ የቤት ጉዳይ ነው የሚመስለው።

የጀመረችው ሚስቱ ናት። ከአረጋውያን መጦሪያው ደውለው ነበር፣ አልጋው ተለቋል፣ እስከ መቼ ባዶውን ያቆዩልናል አለች። እሱ ተጉመጠመጠና፣ «ሙዙ እስኪይዝ ትቆይ» አለ። «ከእሷ በቀር የሚያውቅበት የለም። አንድ አዲስ ነገር ካወጣ ይዟል ማለት ነው፤ ያኔ ያን ዕለቱን እደውላለሁ።» ቧንቧው ተከፍቶ ተዘጋ። «ካልያዘስ?» አለች ሚስቱ። «ካልያዘማ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለ እሱ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ከዚያ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ይሁን ወይስ በሩ አጠገብ በሚለው ላይ ትንሽ ተነጋገሩ፤ መስኮቱ ሥር አሸነፈ።

ማሽኑ የመሮጫ ማሽን ነው። ሚስቱን ሐኪም በቀን ግማሽ ሰዓት ሩጪ ስላላት ተገዝቶ፣ መኝታ ቤታቸው ከቆመ ስምንት ወሩ ነው፤ እስካሁን የተሰቀለበት ሸሚዝና ቀሚስ እንጂ የሮጠበት እግር የለም። ሚስቱ ያልሮጠችው ቦታ ጠቧት እንደሆነ ለመጣ ለሄደው ትናገራለች። ቦታው የእትዬ ክፍል ነው። እትዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ወደ መስኮቱ ሥር ተመለከተች። እዚያ የቆመው ሻንጣዋ ነው። ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ቢሆንም ሻንጣውን ገና አልፈታችም፤ ፍቺ ያላትም የለም።

በዚህ ቤት ሁሉም እትዬ ይላታል፤ ወንድሟም፣ ሚስቱም፣ ማዶ ያለው ዘበኛም፣ ጥግ ላይ ያለችው አትክልት ሻጭም። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ አልወለደችም። አሥራ ስምንት ዓመት ያስታመመቻት እናቷ ካረፈች አምስት ወር አለፋት፤ የእናትየው ቤት ደግሞ ከተሸጠ ሁለት ወሩ ነው። ገዢው ግቢውን ሊያስተካክል አፈር ገፊ መኪና ያመጣ ዕለት ወንድሟ ከሥራ ቀርቶ መጣ። ከእናቱ ግቢ አንድ ማስታወሻ ይፈልግ ነበር፤ የመረጠውም የሙዝ ችግኝ ነው። ነቃይነቱ መቼም አይታማም፤ እንጀራው ነው። አካፋውን እንደ ጉጠት ወደ ታች ሰዶ፣ ወዲያ ወዲህ ወዝውዞ፣ ሥሩን እየቆራረጠ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነቅሎ ጣለው። የነቀሉትን መልሶ መትከል ግን ሌላ ሙያ ነው። እትዬ ቅጠሉን ቁረጠው፣ ከመሐሉ ጥቅል በቀር አንድም አታስቀርለት ብላ ለመነችው። ሥር የሌለው ነገር ያን ሁሉ ቅጠል በምኑ ያጠጣዋል? እሱ ሳቀ። «ራሱን የተላጨ ሙዝ ለእንግዳ ላሳይ እንዴ?» አለ። ሙዙ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ቀበቶ ታሰረለት፤ ቅጠሎቹ በመስኮት ወጥተው በነፋስ እየተተለተሉ ሄዱ። እሷ ከሻንጣዋ ጋር ከኋላ ተቀመጠች።

የተተከለው ሰገነቱ ፊት ለፊት ነው፤ ከውጭ በር የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት፣ የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳውን እንደ ምጣድ የምታግልበት ቦታ። እንግዳ ሲመጣ ወንድሟ፣ «ከእናቴ ግቢ ነው» ይላል፤ እንግዳውም ራሱን ነቅንቆ እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ ይላል። ከእናቱ ግቢ የመጣች ሌላም ነገር ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች መሆኑን ግን ማንም ለማንም አይናገርም። ቅጠሎቹ በሦስተኛው ቀን ወረዱ፤ በሳምንቱ ሁለቱ እንደ ረጠበ ካርቶን ግንዱ ላይ ተለጠፉ። እትዬ ከዚያ ጀምሮ ያልሆነችው አልነበረም። ያረጀ አንሶላ በአራት እንጨት ወጥራ ጥላ ሠራችለት። ደረቅ ሣር ለምና ግርጌውን አለበሰችው። ጠዋት ሁለት ማሰሮ፣ ማታ ሁለት ማሰሮ፣ ያውም ልቡን ሳትነካ ዙሪያውን ብቻ ታጠጣዋለች። አፈሩን በተረከዟ ትረግጥለታለች፤ የቀሩትን ሦስት ቅጠሎች በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሲመሽም አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ በርታ አንተ፣ ትለዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በርታ ስትለው የነበረው ከዚህ ቤት የሚያስወጣትን ሰው ኖሯል።

ባልና ሚስት ወደ ሥራ ሲወጡ እትዬ ማሰሮዋን ሞልታ ወደ ሙዙ ሄደች፤ ግን አላጠጣችውም። ቆማ አየችው። ቢሞት ትወጣለች። ቢይዝ ትወጣለች። የምትኖረው ሳይሞትም ሳይድንም የቆየ እንደሆነ ነው። ነገሩን እንዲህ አድርጋ ስትደረድረው ከጭንቋ መካከል አንድ ኩራት የሚመስል ነገር ብቅ አለባት፤ በዚህ ሙያ እሷን የሚያህል በከተማው የለምና። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እናቷን ከሞትም ከጤናም እኩል አርቃ ይዛ ኖራለች። ወንድምና እህት ያኔ የተስማሙት፣ እናታችን እስካለች ቤቱ አይሸጥም ብለው ነበር። ማንም በክፉ አላነሣውም፤ የወንድሟ ሚስት ብቻ አንድ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እማማ በእትዬ እጅ መቶ ዓመት ይኖራሉ ብላ ሁሉም ስቆ ነበር። እትዬም ስቃለች።

አሁን ግን ጎንበስ ስትል አንድ ነገር አየች። ከወረዱት ቅጠሎች መካከል፣ ግንዱ ጉሮሮ ውስጥ፣ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ያለ ቀጭን፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል። የጥፍር ቁመት ቢሆን ነው። ትናንት ማታ አልነበረም። ትናንት አይታው ቢሆን ኖሮ እልል ትል ነበር፤ ዛሬ ግን ማሰሮውን መሬት አስቀመጠች። ዞር ብላ የውጭውን በር አየች፤ ዝግ ነው። ውሃ ልከልክለው አለች በልቧ፤ ቢሞትስ? መሞቱም ያው ነው። መግደል አትፈልግም። ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን። ወደ ቤት ገባችና ከሚስቲቱ መታጠቢያ ቤት፣ ከመስተዋቱ ሥር ካለው ብርጭቆ፣ የጥፍር መቀሱን አወጣች። ጫፏ ቆልመም ያለች ትንሽ መቀስ ናት፤ ጉሮሮ ውስጥ ለመግባት የተሠራች ትመስላለች። ጫፉን ያዝ አድርጋ ከሥሩ ቀጭ አደረገችው። እናቷ የሙዝ ደም ትለው የነበረው ውሃ መሳይ ፈሳሽ በአውራ ጣቷ ላይ ወረደ። የተቆረጠችውን ጥቅል ሽርጧ ኪስ ከተተች፤ መቀሱንም አስከትላ ከተተች፤ ሽንኩርት ልትገዛ ወጣች።

አትክልት ሻጯ ሙዝ ከሚበቅልበት ቆላ የመጣች፣ ምላሷ ከቢላዋ የሚቀድም ሴት ናት። ሙዝ ስንት ገባ ብላ እትዬ ጠየቀቻት፤ ሽንኩርት እንደምትገዛ ሁለቱም እያወቁ።

«ዘጠና።»

«ትናንት ሰማንያ አልነበረም?»

«ትናንትማ እኔም ልጅ ነበርኩ፣ እትዬ።»

እትዬ ሽንኩርቱን እየመረጠች፣ እያንዳንዱን እየጨመቀች፣ ለሌላ ሰው የምትጠይቅ መስላ ነገሩን አመጣችው። አንድ ጎረቤት ሙዝ ተክላ ነበር፤ ድመት ልቡን ነክሳ ቆረጠችባት፤ አሁን ስንት ቀን ወደ ኋላ ይመልሰዋል ብላ ተጨንቃለች አለች። ሻጯ ሚዛኗን አስቀምጣ ሳቀች። ሙዝ ልቡ ቢቆረጥ ምን ገዶት፣ የተጠቀለለውን ከታች የሚገፋው ሥሩ ነው፣ ጫፉ ጠፋም ኖረም መምጣቱን አይተውም አለች። ልጅ ሆነው ጠዋት በቢላ ይቆርጡና ማታ ስንት ጣት እንደወጣ ይወራረዱ ነበር፤ እሷ አንድ ቀን አራት ጣት ብላ አሸንፋለች። «ሙዝ እኮ እንደ ጥገኛ ዘመድ ነው» አለች ሽንኩርቱን ከረጢት ውስጥ እየገለበጠች። «ጭንቁ እስኪይዝ ነው። አንዴ ከያዘማ ነቅለሽም አትጨርሺው።» ይህን የተናገረችው ለማንም ብላ አይደለም፤ ለሁሉም ደንበኛ የምትለው ነገር ነው። እትዬ መልሷን ሳትቆጥር ተቀብላ ሄደች፤ ይህ በእሷ ደርሶ አያውቅም።

ከሙዝ ጋር ዕድሜዋን የኖረች ሴት ይህን አለማወቋ ሊያስገርም ይችላል። ግን ሙዝ እንዳያድግ የሚደክም ሰው አይታ አታውቅም፤ እናቷ ግቢ የነበረው ድካም ሁሉ እንዲያድግ ነው። የውጭውን በር ከፍታ ስትገባ ገና ከሩቁ ታያት። ጫፉ ወጥቷል። ጠዋት ከነበረበት በአንድ ጣት ከፍ ብሎ፣ አናቱ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ወረቀት ቀጥ ብሎ ቆሟል። የበቀለው ሙዝ ብቻ አይደለም፤ የመቀሷም ፋና አብሮ በቅሏል። እትዬ ሽንኩርቱን መሬት ላይ አስቀምጣ እንደገና ቆረጠችው፤ አሁን ጠለቅ አድርጋ፣ መቀሱን እስከ እጀታው አስገብታ። ምሳዋን ወጥ ቤት ቆማ በላች፤ ዳቦና የትናንት ድንች። በሁለተኛው ጉርሻ ላይ ወጥታ አየችው፤ ምንም የለም። ዕቃውን አጥባ ስትመለስ አለ። ሦስተኛ ቆረጠችው። ልብሱን አጥባ አስጥታ ስትመለስ፣ ከመሐሉ ሌላ ቀለበት፣ ከእሱም መሐል ሌላ፣ ሁሉም አናታቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ተደራርበው ብቅ ብለዋል። ጣቶቿ መጥቆር ጀምረው ነበር። የሙዝ ደም ሲወርድ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ ግን ቡናማ፣ ቆይቶም ጥቁር ይሆናል። በሳሙና አይለቅም። በአመድ አይለቅም። በቀን ብዛት ቆዳው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው ትዝ ያላት። እናቷ አንድ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በሦስተኛው ዓመት ሐኪም ቤት የላከው፣ አጭር፣ እጀ ብርቱ ሰው ነበር። እግሯን አጠፈ፤ ዘረጋ፤ ገፋ። «ይህቺ ሴት በሳምንት ሁለት ቀን እንቅስቃሴ ብትሠራ በምርኩዝ ትሄዳለች» አለ። እናቷ አልጋው ላይ ሆና ልጇን ቀና ብላ አየቻት። እትዬም፣ እናቴ ትደክምብኛለች፣ ይቅርባት አለች፤ ሰውየው ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር አንድም ቀን አላሰበችውም ነበር። በእርግጥም እናቷ ትደክም ነበር፤ ሐሰት አይደለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጥፍር መቀስ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ የሙዝ ጉሮሮ ውስጥ እያየች ሳለ ያ ሰው ቦርሳውን ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ እንደ አዲስ ተሰማት። ቀና አለች። ከዚያ ወዲያ መቁረጡን ተወችው። ጸጸት አልነበረም የያዛት፤ በቆረጠችው ቁጥር ይብስ ስለሚታይ ነው።

መደበቅ ነው የቀረው። ከሦስቱ ቅጠሎች በጣም የወረደውን አንሥታ በልቡ ላይ እንደ ነጠላ አከናነበችው፤ ነፋስ እንዳይገልጠው ደግሞ ከገመዱ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አምጥታ ቆነጠጠችው። ራቅ ብላ አየችው። ራሱን ያመመው ሰው ይመስላል። ጥሩ ነው፤ የታመመ ይምሰል።

ወንድሟ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ። የከሰዓት በሽተኛው፣ ነቀላ ፈርቶ ስልኩን ዘግቶበት ነው። መኪናውን አቁሞ እንደ ልማዱ ወደ ሙዙ ሄደ፤ እጁን ኪሱ ከቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አፍ ክፈት ሊለው የተዘጋጀ ይመስል። መቆንጠጫውን አየ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለና ነቀለው። ቅጠሉ ወደቀ። ልቡ፣ ከግንዱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ በከሰዓቱ ፀሐይ ሲያብለጨልጭ ታየ።

«ይዟል!»

እትዬ ከሰገነቱ ላይ ሆና ሰማችው። ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የነበረው ድምፅ ነው፤ እሷ በጀርባዋ ያዘለችው ጊዜ። ሮጦ መጥቶ ራሷን ሳማት። ይህን ሲያደርግ እናታቸው የተቀበረች ዕለት እንኳ አላየችውም። «እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ። እኔ እኮ ብያለሁ። እንደ አንቺ የሚያስታምም የለም።» ጫፉ ቀጥ ብሎ መቆረጡን አይቷል፤ ግን ሙዝ ሲወለድ እንዲህ ነው ብሎ ተቀብሎታል። ሰላሳ ሁለት ጥርስ በስም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለ ሙዝ የሚያውቀው ልጣጩን ነው።

እትዬ በሕይወቷ ልመና አታውቅበትም፤ ስለዚህ እንደ ምክር አድርጋ ነው የለመነችው። ገና ነው አለችው። ልቡ ብቻ ነው የወጣው፤ ቅጠሉ ካልተዘረጋ ያዘ አይባልም። እንዲህ ብቅ ብሎ ስንቱ ቀርቷል። «ሁለት ሳምንት ልየው» አለች። «ጥላውም ቢነሣበት፣ ውሃውም ቢበዛበት ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ብቻ።»

እሱ በፍቅር አያት። «የልጅ ጥርስ ድዱን ከቀደደ መጣ ነው የሚባለው፣ እትዬ፤ እስኪያኝክ አንጠብቅም» አለ። ስልኩን አውጥቶ ሙዙን አራት ጊዜ ፎቶ አነሣው፤ እሷን አጠገቡ አቁሞ አምስተኛ ሊያነሣ አለና ሽርጧን አይቶ ተወው። ፎቶዎቹን ለዘመድ ሁሉ ላከ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውጭው በር ራቅ አለ። ራቅ ማለቱ ለጨዋነት ነው፤ ድምፁ ግን ጥርስ በሚቦረብር ማሽን ላይ ሲጮህ ሃያ ዓመት የኖረ ድምፅ ነው፤ ዝቅ ማለት አያውቅበትም። አዎ፣ ነገ ጠዋት፣ ይላል። አይ፣ ራሷን ችላ ትራመዳለች። አይ፣ ነገረኛ አይደለችም። በምግብ? ያገኘችውን ነው። እንዲያውም ወጥ ቤት ልታግዛችሁ ትችላለች፤ ሽንኩርት ስትልጥ ዓይኗን አያቃጥላትም።

ሚስቱ ሲመሻሽ መጣች። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ሃያ ዓመት ፈተና ስትጠብቅ የኖረች፣ ከኋላ ወንበር ወረቀት ሲገለበጥ ጀርባዋን ሰጥታ የምታውቅ። ባሏ እጇን ይዞ ወደ ሙዙ ወሰዳት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። ጣቷን አውጥታ የተደራረቡትን ቀለበቶች አናት አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ የቢላ ስለት እንደሚፈተሽ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ አየች። እትዬ ሁለት እጇን ሽርጧ ሥር ከትታ ቆማለች። ሚስቱ ወደ ቤት ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውሃ ሳትከፍት ቆይታ ወጣች። ባሏ፣ እ፣ ምን ትያለሽ፣ ይላታል ከኋላዋ እየተከተለ። «እውነትም ይዟል» አለች።

እራት ላይ ወንድሟ የተናገረው ለዳቦው ነበር። ዳቦውን እየቆረሰ፣ አንድ ጥሩ ቦታ እንዳለ፣ ከከተማው ወጣ ያለ፣ አየሩ ንጹሕ፣ የእሷ እኩዮች ያሉበት እንደሆነ ለዳቦው ነገረው። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ለለውጥ ያህል። ግቢው ሰፊ ነው። «ሙዝ ትተክያለሽ እዚያ» አለና በሐሳቡ ራሱ ተደሰተ። ሚስቱ ሹካና ማንኪያዋን ጎን ለጎን ታስተካክላለች። እትዬ እሺ አለች። መቼ ነው ብላ አልጠየቀችም። ያልጠየቀችውን ነገር ከየት እንዳወቀችው ማንም አልጠየቃትም። ወንድሟ እሺ ማለቷን ሲሰማ ትከሻው ወረደ፤ ሁለት ጊዜ በላ። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንወጣለን፣ በሽተኛ ሳይመጣብኝ ልመለስ አለ፤ ተነሥቶም ዜና ሊያይ ሄደ። ከሳሎን የማሽኑ ነገር ተሰማ፤ ነገ ሲመለስ ዘበኛውን ጠርቶ አብረው ያንቀሳቅሱታል፣ ከባድ ነው።

ሴቶቹ ዕቃ ለማጠብ ቀሩ። እትዬ ታጥባለች፣ ሚስቱ ታደርቃለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሚስቱ ዕቃ ስታደርቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አምስት ሳህን፣ ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ድስት። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፤ እትዬ ጣቶቿን በአረፋው ሥር አድርጋ አውራ ጣቷን በሌላው አውራ ጣት ትፈትጋለች። ሳህኖቹ አልቀው ድስቱ ሲቀር ሚስቱ በረጋ ድምፅ፣ ከመደርደሪያው ዓይኗን ሳታነሣ ተናገረች።

«እትዬ፣ ነገ ከመሄድዎ በፊት መቀሴን ቦታው ይመልሱልኛል፣ አይደል?»

እትዬ እጇን በሽርጧ አብሳ፣ ኪሷ ከትታ፣ መቀሱን አውጥታ መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። አፉ ጠቁሯል። አብራው የወጣች ነገር ነበረች፤ የጠዋቷ ጥቅል፣ ጠውልጋ እንደ ክር ቀጥናለች። ሚስቱ ሁለቱንም አየቻቸው። ለባሏ እንደማትነግር እትዬ ከአስተያየቷ ገባት። የሚነገር ቢሆንማ እስካሁን ተነግሮ ነበር፤ ደግሞም ሙዙ ይዟል፣ ስልኩ ተደውሏል፣ ማሽኑ መስኮቱ ሥር ሊሆን ተወስኗል። ከእንግዲህ ለምን ይነገራል።

«እማማንም እንዲህ ነበር የሚያስታምሟቸው?» አለች ሚስቱ። ቁጣ የለበትም። ተማሪ የጻፈውን መልስ፣ ውጤቱን ከመመዝገቧ በፊት አንዴ እንድታረጋግጥ እንደምትጠይቅ ያህል ነው።

ከሳሎን የዜናው ድምፅ ይሰማል፤ ነገ ፀሐያማ ነው ይላል። እትዬ ድስቱን ገልብጣ ታችውን ፈተገች፤ የሚፈተግ ነገር ባይኖርበትም። ስትናገር የራሷን ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማችው፤ የደከመው፣ ሊያማርር ያልፈለገ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሷ እንኳ እንዲህ አላስቸገረችኝም።»

ሚስቱ ፎጣውን በአራት አጥፋ ሰቀለችው። ደህና ይደሩ ብላ ወጣች፤ ስትወጣም እንደ ልማዷ መብራቱን አጠፋችው። እትዬ ገና እጇን እየታጠበች ነበር።